ጳጉሜ በጸጥታ ያለፈችበት ዓመት

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ ምን መሰላችሁ? መልእክት ማድረስ። በእግሯ አይደለም፣ በበቅሎም አይደለም፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነው። በአንድ ትልቅ የምርመራ ላቦራቶሪ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ስሟን ምንትዋብ እንበላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዙሪያው ካሉ አርባ ጤና ጣቢያዎች ደም ይመጣል፣ አክታ ይመጣል፤ ላቦራቶሪው ይመረምራል። ውጤቱም በኮምፒውተር ወደየጤና ጣቢያው ይመለሳል። ታዲያ በላቦራቶሪው ኮምፒውተርና በጤና ጣቢያው ኮምፒውተር መካከል አንድ ሌላ ፕሮግራም አለ። እሱ አይመረምርም፣ አያክምም። ከዚህ ተቀብሎ እዚያ ያደርሳል፣ በቃ። ሲያደርስ ማንም አያመሰግነውም፤ ሳያደርስ ሲቀር ግን ሁሉም ይሰድበዋል። ምንትዋብ የዚህ አመላላሽ ጠባቂ ነበረች።

አመላላሹ በየጊዜው ይታደሳል። ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን እድሳት ቨርዥን ይሉታል። ምንትዋብ አራቱንም ቨርዥን አሳድጋለች፤ የእያንዳንዱን ጠባይ እንደ ልጆቿ ጠባይ ታውቀዋለች።

የመጀመሪያው ችኩል ነበር። ውጤቱን ወርውሮ ዞር ይላል። ጤና ጣቢያው ያን ሰዓት መብራት ጠፍቶበት ከሆነስ? ጠፋ! አልተመለሰም፣ አልተቀመጠም፣ ጠፋ። ሁለተኛው ትዕግሥት ተማረ። መብራት ቢጠፋ ይዞ ይጠብቃል፤ ተቀባዩ "ደርሶኛል" እስኪለው ከእጁ አይለቅም። ሦስተኛው ደግሞ ወረፋ ማክበር ተማረ። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይሄዳል፤ መጋፋት የለም፣ በአማላጅ ማለፍ የለም። ግሩም አይደለም? ግሩም ነው! ግን አንድ ጣጣ ነበረው። ተቀባዩ "ይህን አልቀበልም" ያለው አንድ መልእክት ከፊት ከተገተረ፣ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይገተራል።

ይህ መቼ መቼ ነበር የሚሆነው? በየዓመቱ፣ በጳጉሜ!

ለምን በሉኝ። የጤና ጣቢያዎቹ ፕሮግራም የተሠራው ባሕር ማዶ ነው። ናሙና ሲላክ ግን ብዙው ሠራተኛ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ይጽፋል፤ ወር አሥራ ሦስት፣ ቀን ሁለት። ፕሮግራሙ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ነው። ውጤቱ ያንን ቀን ይዞ ሲመለስለት "አሥራ ሦስተኛ ወር ብሎ ነገር የለም" ይልና በሩን ይዘጋል። ይስተካከል ተብሎ ለሠሪዎቹ ደብዳቤ ተጽፎ ነበር። ደብዳቤው አሁንም መልስ እየጠበቀ ነው።

ስለዚህ ጳጉሜ ስትገባ ወረፋው ይቆማል፤ ስልኩ ይጮኻል። "ምንትዋብ፣ ውጤት የለም እኮ!" "ምንትዋብ፣ ተኝታችኋል እንዴ?" ሰው ለእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሲል፣ እሷ ቁጭ ብላ ቀኑን አንድ በአንድ በእጇ እያረመች ታሳልፋለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረች። ታማርር ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ማን አያማርርም?

ከዚያ አራተኛው ቨርዥን መጣ። በሐምሌ ተተከለ። ጳጉሜ ገባች። ጳጉሜ አንድ፣ ስልክ የለም። ጳጉሜ ሁለት፣ ስልክ የለም። ሦስት፣ አራት፣ አምስት፤ ጸጥ! የኮምፒውተሯ ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ፤ ችግር የለም ማለት ነው። አለቃዋ አቶ ደርበው በሯ ላይ ቆሙና "ምንትዋብ፣ ዘንድሮስ ጳጉሜን ጠበል ያስጠመቅሻት ትመስላለች! ጋኔኗ ለቀቃት" አሏት።

ሳቀች። "ተመስገን ነው ጋሼ" አለች። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በበዓሉ ዋዜማ በጊዜ ወጥታ ዶሮዋን ገዛች። ሰላም ሆነ ብላ ገባች። እናንተስ ብትሆኑ አትሉም?

መስቀል ካለፈ በሳምንቱ አንድ ሰው ላቦራቶሪው መስኮት ላይ ቆመ። ሸዋረጋ ይባላል፣ አናጺ ነው። ሚስቱ ወይዘሮ አልጋነሽ ጡት የምታጠባ እናት ናት፤ ከክረምቱ ጀምሮ ትስላለች፣ እየከሳች ነው። አክታዋ የተላከው ጳጉሜ ሦስት ቀን ነበር። ጤና ጣቢያው በሄዱ ቁጥር "ውጤት አልመጣም" ይሏቸዋል። አንዱ ሠራተኛ እንዲያውም ሊያጽናናቸው ብሎ "አይዟችሁ፣ ክፉ ነገር ቢኖር ኖሮ ይደውሉ ነበር" አላቸው። እነሱም አመኑ። ቤታቸው ገቡ። ሳሉ ግን አላመነም፤ ባሰ።

በመስኮቱ ያለችው የላቦራቶሪ ሠራተኛ መዝገቧን አየች። "ልከናል። ይኸው፣ ተልኳል ይላል።"

"እነሱ አልደረሰንም ይላሉ፣ እናንተ ልከናል ትላላችሁ" አለ ሸዋረጋ። "እኔ ማንን ልመን? ሚስቴ እኮ ደም መትፋት ጀምራለች!"

ልብ በሉ፤ ከሁለቱ ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ላኪው ልኳል፤ ተቀባዩ አልደረሰውም። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ በሁለት እውነት መካከል ግን አንዲት እናት እየሞተች ነበር።

ሰውየውን ወደ ምንትዋብ አመጡት። ሰሌዳዋን አየች፤ አረንጓዴ ነው። የናሙናውን ቁጥር ከያዛት ወረቀት ላይ አይታ ጻፈች፤ ፈለገች። ከላቦራቶሪው ወጥቷል። ጤና ጣቢያው አልገባም። ታዲያ የት ነው? በሐምሌ ከአዲሱ ቨርዥን ጋር የመጣውን የለውጥ ዝርዝር ከፈተችው። በሐምሌ ምን አድርጋው ነበር? ሁላችንም የምናደርገውን ነዋ! እስከ ታች ሸብለል አድርጋ "አንብቤአለሁ" የሚለውን ተጫነች። አሁን ግን አነበበች። በሰባተኛው ገጽ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፤ "ተቀባዩ አምስት ጊዜ ያልተቀበለው መልእክት ወረፋውን እንዳይዘጋ ለብቻው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ጠባቂው ሣጥኑን በየቀኑ ይክፈት።"

በየቀኑ! ሣጥኑ ከሐምሌ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

ከፈተችው። ስድሳ አንድ የበሽተኛ ውጤት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ተኝቷል። ሁሉም የጳጉሜ። አንዱም አልጠፋም፣ አንዱም አልተበላሸም። ከመካከላቸው የአልጋነሽን አገኘችው፤ ሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶባታል።

መጀመሪያ ለጤና ጣቢያው ሐኪም ደወለች። ከዚያ ዞር ብላ፣ "ወንድሜ፣ ውጤቱ ተገኝቷል። ሐኪሙ እየጠበቀዎት ነው፣ ባለቤትዎን ይዘው አሁኑኑ ይሂዱ፤ ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ" አለችው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበረ?" አላት።

ልትዋሽ ትችል ነበር። ኔትወርክ ነው ብትል ማን ይጠይቃታል? ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም። እሷ ግን "እዚሁ፣ አጠገቤ ነበረ። ሣጥኑን ሳልከፍት ቀርቼ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። ሸዋረጋ ወረቀቱን እንደ ጨበጠ ሮጠ።

የቀሩትን ስድሳዎቹን ቀኑን ሙሉ እየደወለች አደረሰች። ብዙው ምንም በሽታ የለበትም የሚል ነበር፤ ደስ ብሏቸው አመሰገኗት። አንዱ ጋ ስትደውል ግን የጤና ጣቢያው ነርስ የበሽተኛውን ስም ሰማች። "እሳቸውንማ ባለፈው እሑድ ቀበርናቸው" አለቻት። ውጤቱ በጊዜው ቢደርስ ያድናቸው ነበር? እኔ አላውቅም። ምንትዋብም አታውቅም። ይህ አለማወቅ ነው እስከ ዛሬ የሚከብዳት፤ ስትናገረው እንባዋ ይቀድማታል።

አልጋነሽ መድኃኒቷን ያኑ ዕለት ጀመረች። ስድስት ወር ዋጠች፤ ዳነች። ልጇም ደኅና ነው። ተመስገን በሉ እንጂ!

አቶ ደርበው በንዴት "ይሄን አዲስ ነገር ንቀይና አሮጌውን መልሺልኝ" ብለው ነበር። ምንትዋብ ምን አለቻቸው? "ጋሼ፣ አዲሱ ክፋት የለበትም። ስድሳ አንድ ሰው አስቀምጦ አርባ ጤና ጣቢያ አሳልፏል። አሮጌው እየጮኸ ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ አዲሱ አይጮኽም። ስለዚህ እኔው ራሴ መንቃት አለብኝ።" ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቢሮዋ ስትገባ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ በቅድሚያ የምትከፍተው ያንን ሣጥን ነው።

እሺ፣ ወገኖቼ። ይህ ሁሉ የኮምፒውተር ወሬ ለእኛ ምናችን ነው? ብዙ ነገራችን ነው እንጂ!

አዲስ ሙሽሮች የነበራችሁበትን ጊዜ አስታውሱ። አንድ ቃል ታጠፋለች፣ አንድ ቃል ያጠፋል፤ ቤቱ በሙሉ ይቆማል! ምሳ ይቆማል፣ ጨዋታ ይቆማል፣ ሰላምታ ይቆማል። ጎረቤት ይሰማል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ "አንተም ተው፣ አንቺም ተይ" ይባላል፤ ይስቃሉ፣ ወረፋው ይንቀሳቀሳል። አድካሚ ነበር፤ ግን ምንም ነገር ተደብቆ አይቀርም ነበር።

ከዚያ አደግን። በሰልን። አዲስ ቨርዥን ሆንን! ምን ተማርን? "ይለፍ" ማለትን። የከበደውን ቃል ጎን ላይ አስቀምጦ ሌላውን ማሳለፍን። የትምህርት ቤቱ ነገር ያልፋል፣ የለቅሶው ነገር ያልፋል፣ "ደኅና አደርሽ፣ ደኅና አደርክ" ያልፋል። ያቺ አንዷ ቃል ግን? ሣጥን ውስጥ ናት። "እናቴ ስትታመም ሳትነግሪኝ ቀረሽ" የምትለዋ ቃል። በሰው ፊት "አዋረድከኝ" የምትለዋ ቃል። "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" የምትለዋማ፣ እሷማ ከሁሉ በታች ተጭና ተኝታለች።

ከዚያ ምን እንላለን? "እኛ ቤት ጭቅጭቅ የሚባል ነገር የለም!" አረንጓዴ! ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንላለን። እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም። ጉርሻም አይገባም።

መቻል ክፉ ነው አላልኩም። ማሳለፍ ጥበብ ነው። ሁሉን ነገር እያስቆመ የሚጨቃጨቅ ሰው ከማን ጋር ይኖራል? ግን ያስቀመጣችሁትን ማን እንዲከፍተው ነው የምትጠብቁት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማችሁም? ያ የተኳረፍከው ወንድምህ ከአንተ አንድ ቃል ይጠብቃል። አንተ በልብህ ስንት ጊዜ ይቅርታ ጠይቀኸዋል፤ "ልኬአለሁ" ትላለህ። እሱ "አልደረሰኝም" ይላል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም! ሁለታችሁም ግን እየታመማችሁ ነው።

የምሥራቹን ልንገራችሁ፤ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ቃል አልጠፋም። ዓመት ቢሆነው፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው፣ እዚያው አለ። ተቀባዩ በሕይወት እስካለ ድረስ ይደርሳል። ባለፈው እሑድ ላልተቀበረ ሰው ሁሉ ይደርሳል። ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?

ለቅዱስ ቁርባን ስትዘጋጁ የንስሐ አባታችሁ ይጠይቋችኋል። "ልጄ፣ የተቀየምከው ሰው አለ?" ይላሉ። እናንተም ቶሎ ብላችሁ "የለም አባ" ትላላችሁ። ቶሎ አትመልሱ! አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከዚያ መልሱ።

ደግሞስ ምን ሩቅ አስኬደኝ? ያ ሰው ዛሬ እዚሁ ነው። ከዓምዱ ማዶ ቆሟል። ስትገባ አይተኸዋል፤ እሱም አይቶሃል፤ ሁለታችሁም ዓይናችሁን ወደ ሥዕሉ አነሣችሁ። ለስንት ዓመት ቅዳሴው ሲያልቅ እሱ በምዕራብ በር ሲወጣ አንተ በሰሜን በር ወጣህ?

ዛሬ በሰሜን በር አትውጣ።