ዋና ጥቅሙ ምንድን ነው?

ለአንድ የዩኒቨርሲቲ ዲን «ስልክ ከመማሪያ ክፍል ይታገድ» የሚል ሐሳብ ቀረበላቸው። መምህራኑ ይታገድ፣ አይታገድ እያሉ ተከራከሩ። ዲኑም «እስቲ ባለጉዳዮቹ ይናገሩ» አሉና ለተማሪዎቹ ጥያቄ ላኩ፦ «ስልክ ለትምህርታችሁ ዋና ጥቅሙ ምንድን ነው? የራሳችሁን አመለካከት ጻፉ።»

ከተማሪዎቹ መካከል ትርሲት የምትባል ዓይኗ የደከመ ልጅ ነበረች። ከፊት ወንበር ተቀምጣም የሰሌዳው ጽሑፍ አይታያትም። በስልኳ ፎቶ አንስታ፣ አጉልታ ነው የምታነበው። ስልክ ከታገደ ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው።

አንዱ ተማሪ ግን መጻፍ ታከተውና ስልኩ ላይ ያለውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በአጭሩ «ዋና ጥቅሙ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። የመጣለትን መልስ ሳያነብ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ለቀቀው። ሌሎቹም ሳያነቡ ስማቸውን እየጻፉበት አስገቡ።

መምህራኑ ለውሳኔ ጉባኤ በተቀመጡበት ቀን ዲኑ አንዱን ወረቀት አንስተው ጮክ ብለው አነበቡ። «ዋና ጡንቻን ያጠነክራል፤ ለልብ ጤንነትም ፍቱን ነው። ከምግብ በኋላ ወዲያው ውሃ ውስጥ መግባት ግን አይመከርም።» ለካስ መሣሪያው የተጠየቀው ስለ ውሃ ዋና መስሎታል! አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሁለተኛውን አነሱ፤ ያው ዋና። ሦስተኛውም ዋና። ሳቁ ጠፋ፤ ዲኑ ክው ብለው ቀሩ። ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ ወጣት የራሱን ሐሳብ ቢጠይቁት የራሱ የሆነ አንድ ቃል ይጥፋ? ጉባኤው ስልክ እንዲታገድ ወሰነ።

ትርሲት እያለቀሰች ዲኑ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ያለ ስልክ ሰሌዳው አይታየኝም! በምን ልማር?»

ዲኑ ደንግጠው ወረቀቷን ፈልገው አወጡ። የእሷም ስለ ዋና ነው።

«ልጄ፣ አሁን የነገርሽኝን ጽፈሽው ቢሆን እኮ ማንም አያግደውም ነበር! ምነው ሳትጽፊው ቀረሽ?»

«ስልኩ ከኔ አሳምሮ ይጽፈዋል ብዬ ነው።»

«ዓይንሽ መድከሙን ስልኩ በምን ያውቃል?»



የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል። የማናውቀውን ነገር ከመሣሪያ መጠየቅ ብልህነት ነው። የራሳችንን ሐሳብ ከመሣሪያ መጠየቅ ግን በገዛ ጉዳያችን ላይ ሳንገኝ መቅረት ነው፤ በሌለንበትም ይፈረድብናል። እርስዎስ፣ በቅርቡ «እኔ እንደማስበው» ብለው የጻፉት ማን ያሰበውን ነው?