የልጉም አምባ ጥሪ

ከደጋው ጫፍ፣ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ቆላው በሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ጓሳ ሣርና ሰው የሚያህል የጅብራ ተክል የለበሰ ልጉም አምባ የሚባል ስፍራ አለ። ክረምት ሲገባ ጉም ከቆላው እየተነሳ ይውጠዋል፤ ጉሙ ሲወፍር በሬ የሚነዳ ሰው የበሬውን ጭራ እንጂ ቀንዱን አያይም ይባላል። በዚያን ጊዜ በአምባው መንገድ የሚያልፍ ሁሉ፣ ቄስም ይሁን ነጋዴ፣ ሙሽራም ይሁን አስከሬን ተሸካሚ፣ የራሱን ስም ከነአባቱ ስም ድምፁን ከፍ አድርጎ እየጠራ ይሄዳል። የቆላ ገበያተኞች በዚህ ይስቁባቸዋል፤ የልጉም አምባ ሰው ራሱን እየጠራ ካልሄደ ይጠፋበታል ይላሉ። የአገሩ ሰዎች ቀልዱን ሰምተው ፈገግ ይላሉ እንጂ ልማዱን አይተዉም። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከሥሩ ይጀምሩታል።

እንደሚነገረው፣ ዘመኑ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሳይሠሩ ከነድንኳናቸው ከአገር አገር የሚዞሩበት፣ ጨዋ የሚባሉት የንጉሥ ወታደሮች ደግሞ በየጠረፉ እየሰፈሩ ድንበር የሚጠብቁበት ዘመን ነበር። በዚህ አምባ ግርጌ የሰፈረው ጭፍራ ልጉም ይባል ነበር፤ አፉ እንደ በቅሎ የተለጎመ ለማለት ነው። ሌላው ጦር ሁሉ እየፎከረና እየሸለለ፣ አባቱንና አያቱን እየቆጠረ ሲገጥም፣ ልጉሞች ግን ጋሻ ካነሱበት ጊዜ ጀምሮ የድል ነጋሪት እስኪመታ ድረስ አንድ ቃል አይተነፍሱም። ቢቆስሉም አይጮኹም፤ ጠላት ቢጥሉም አይፎክሩም። ጠላት በጉም ውስጥ ምንም ሳይሰማ ጦሩ ደረቱ ላይ ያርፋል። ቁጥራቸው ጥቂት ሆኖ ሳለ ስማቸው ሲጠራ ቆላው ሁሉ ከብቱን እየነዳ ይሸሽ ነበር አሉ።

ይህን ሕግ ያወጡት የጭፍራው አለቃ አዛዥ ቀውስጦስ ናቸው። አዛዥ ቀውስጦስ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም ከቁመታቸው ያጠረ ሰው ነበሩ፤ «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የምትለዋን ተረት ከማዘውተራቸው የተነሣ ጎበዞቹ በድብቅ፣ አዛዥ የሚያውቁት ተረት አንድ ብቻ ነው እያሉ ይስቁባቸው ነበር። በጎልማሳነታቸው አንድ ወታደር በሳለው ሳል ምክንያት ጭፍራው ሁሉ ተከብቦ ብዙ ወንድሞቻቸው አልቀዋል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ለሳቸው ዝምታ ጋሻ ነበር። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም፤ ይህን የሚያወሩት ሽማግሌዎች ሁሉ በዚህ አንድ ናቸው።

አዛዥ ቀውስጦስ ከሚስታቸው ከወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ይትባረክ ይባላል። ይህ ልጅ አባቱን አልወጣም። ሳቂታ፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ቤት ሲገባ ከበሩ ጀምሮ የሚያወራ ነበር፤ እናቱም ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የሱ ብቻ ነው እያሉ ይወዱት ነበር። አባትየው ግን በጭፍራው ፊት እንዳያሳፍራቸው ይሠጉ ነበር፤ የፈሩትም አልቀረ። ልጁ በመጀመሪያ ዘመቻው ከጎኑ የነበረው ፊቅጦር የሚባል ጎልማሳ ከኋላው ጦር ሲሰበቅበት አይቶ፣ «ፊቅጦር፣ ኋላህን!» ብሎ ጮኸ። ፊቅጦር ዘወር ብሎ ዳነ። ድሉም አልታጣም። ሕጉ ግን ተጣሰ።

አዛዥ ቀውስጦስ ሌላ ሰው ቢሆን ከጭፍራው ያባርሩት ነበር። ልጃቸውን ማባረር አንጀታቸው እምቢ ስላለ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጋሻውን ተቀብለው ከስንቅ በቅሎዎች ኋላ እንዲሄድ ፈረዱበት። ይትባረክ በቅሎ ሲነዳ ከረመ፤ ጎበዞቹ እያዘኑለትም ቢሆን፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያሉ ይተርቡት ነበር። ቤት ውስጥ የነበረው ወሬና ሳቅ ቀረ። የሚበላውን በልቶ፣ አባቱ ሲገቡ ተነሥቶ ቆሞ፣ ሲቀመጡ ተቀምጦ ይውላል። አዛዥ ይህን ዝምታ አይተው ልጁ ወንድ ወጣው ብለው በልባቸው ደስ አላቸው። እናትየው ግን ያንኑ አይተው ያለቅሱ ነበር።

በዚያ ክረምት ባላጋራቸው ብዙ ሰው አስከትሎ አምባው ላይ መስፈሩ ተሰማ። ይህ ባላጋራ በልጉሞች እጅ ደጋግሞ የተመታ ነውና፣ ከመመታቱ ብዛት እሱም ተምሮ በዝምታ መግጠም ጀምሯል የሚል ወሬ ሰላዮቹ አመጡ። አዛዥ ቀውስጦስ ወሬውን ሲሰሙ ሳቁ ይባላል፤ ሲስቁ የታዩትም ያን ቀን ብቻ ነው። ጭፍራቸውን ለሁለት ከፈሉት፤ እኩሌታው ከእሳቸው ጋር በምሥራቁ ወገን፣ እኩሌታው ከፊቅጦር ጋር በምዕራቡ ወገን ወጥቶ፣ ጠላትን በመካከል ሊያስገቡት ቆረጡ። ፊቅጦር አስተዋይ ሰው ነበርና ፈራ ተባ እያለ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ በጉም ውስጥ እርስ በርስ ብንገናኝስ ምን እንባባል?»

«በጉም ውስጥ ፊት ለፊት የሚመጣብህ ጠላት ነው» አሉት። «ልጉም በአፉ አይታወቅም።»

ወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ የዘመቻውን ወሬ እንደሰሙ ለልጃቸው ጋሻው እንዲመለስለት ባላቸውን ለመኑ። በቅሎ ነጂ ሆኖ ከሚኖር እንደ ሰው ተሰልፎ ቢሞት ይሻለዋል፣ ሲተኛ እንኳ እጁን እንደ ጋሻ ያዥ አጥፎ ነው የሚተኛው አሏቸው። አዛዥም ውስጣቸው ይህንኑ ሲፈልግ የቆየ ነውና ጋሻውን ከተሰቀለበት አውርደው በገዛ እጃቸው ለልጁ ሰጡት። ይትባረክ እግራቸው ላይ ወድቆ ሳመ። እናትየው ይህን ሲያዩ ሌላ ልመና ጨመሩ።

«እንግዲህ ከአጠገብዎ ያሰልፉት። ዐይንዎ ይየው።»

«ልጅ ከአባቱ አጠገብ ሲሆን አፉ ይፈታል» አሉ አዛዥ። «ከፊቅጦር ጋር ይሄዳል።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ወገን በየፊናው አምባውን ወጣ። ጉሙ ወፍሮ ነበር። የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ ባላጋራቸው መምጣታቸውን ሰምቶ እሳቱን እንዳነደደ ትቶ በሌላ መንገድ ቆላ መውረዱ ነበር። ልጉሞች የሚጤሰውን እሳት አይተው ጠላት ከዚያው ወዲያ ነው ብለው ጋሻቸውን አነሡ። ከወዲያም ጋሻ ያነሡ ሰዎች በዝምታ መጡ። በዚያ ጉም ውስጥ ሰውና ጅብራ አይለይም ነበር፤ ሰው ነው ያሉት ጅብራ ሲሆን፣ ጅብራ የመሰለው ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ጦር ይሰብቃል። እንዲህ ሆኖ ወንድም ወንድሙን ወጋ። የሚወድቀው እንደ ሕጉ ጥርሱን ነክሶ ይወድቃል፤ የሚጥለውም እንደ ሕጉ ዝም ብሎ ያልፋል። ከሩቅ ሆኖ ያዳመጠ ሰው ቢኖር የጓሳው መረገጥና የጋሻው ጓጓታ እንጂ ሌላ ባልሰማ ነበር ይላሉ።

አዛዥ ቀውስጦስ ከጉሙ ውስጥ የወጣባቸውን አንድ ሰው ገጠሙ። ሰውየው ጥሩ ተዋጊ ነበር፤ ደጋግሞ መከታቸው። ከዚያ በኋላ ድንገት ቀጥ አለና ጋሻውን ዝቅ አደረገ። አጭር ቁመታቸውን ይሁን አረማመዳቸውን፣ ምናቸውን እንዳወቀ እሱ ብቻ ያውቃል። አዛዥ ግን የደከመ መሰላቸው፤ በጦራቸው ደረቱን ወጉት። የጣሉትን ሰው ለማየት ጎንበስ ሲሉ ልጃቸው ነው።

ተንበርክከው ራሱን ክንዳቸው ላይ አደረጉት። ያ ሁሉ ዓመት ቆጥበው የያዙት ቃል አንድ ላይ መጣባቸው።

«ለምን አልተናገርክም? ልጄ፣ ለምን አልተናገርክም?»

ይትባረክ ሊስቅ እንደሚፈልግ ሰው አያቸው።

«አባቴ፣ ነጋሪቱ መቼ ተመታ?» አላቸው፤ ከዚያ በኋላም ሌላ ቃል አልተናገረም።

አዛዥ ቀውስጦስ ያን ጊዜ ጮኹ። «ይትባረክ! ይትባረክ ቀውስጦስ!» ሲሉ ድምፃቸው ገደሉን ተሻግሮ ተመለሰ። ልጉሞች የአለቃቸውን ድምፅ ዐወቁና ጦራቸውን ዝቅ አደረጉ። ከሁለቱም ወገን ያሉት ሰዎች የሠሩትን ሲረዱ ጋሻቸውን እየጣሉ፣ አንዱ የወንድሙን፣ አንዱ የአማቹን፣ አንዱ የጡት ልጁን ስም እየጠራ በጉሙ ውስጥ መዞር ጀመረ። አንዳንዱ መለሰ፤ ብዙው ግን አልመለሰም። ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ አምባው ላይ የሰው ስም ብቻ ይሰማ ነበር። ሲገለጥ ደግሞ ያዩትን ነገር ሽማግሌዎቹ አይተርኩም፤ እዚህ ላይ ሲደርሱ ዘለው ያልፋሉ።

አዛዥ ነጋሪቱን በጎራዴ ቀድደው ከገደል ጣሉት፤ የተረፈውም ሰው ዳግመኛ በዝምታ ላይዋጋ ማለ። ንጉሡ ጭፍራውን በትኖ ለየጦሩ ቢያከፋፍለውም አንዳንዶቹ ግን መሬት ይዘው እዚያው ገበሬ ሆነው ቀሩ። ፊቅጦርም፣ አዛዥ ቀውስጦስም ከቀሩት ናቸው። በጉም ጊዜ ስምን እየጠሩ መሄድ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው ይባላል፤ ከዚያ ቀን የተረፈ ሰው ሁሉ በጉም ውስጥ ሰው ሳይጠራው ቀድሞ ስሙን ይናገር ነበር።

የወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ ነገር ግን ሌላ ነው። ልጃቸው ተቀብሮ ሰው ከለቅሶ ሲበተን፣ የባላቸውን ሕግ ቤት አስገቡት። ለባላቸው ይቀቅላሉ፣ ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ሲታመሙ ያስታምሟቸዋል፤ ቃል ግን አይናገሯቸውም። አዛዥ ሽማግሌ ላኩ፤ የነፍስ አባታቸውንም ላኩ። ወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ የመጣውን ሁሉ እጅ ነሥተው አስቀምጠው፣ አብልተው አጠጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ይበሉ ሲባሉ ዝም ነው። ሽማግሌዎቹም ጠግበውና ተሸንፈው ይመለሳሉ። ፊቅጦር አንድ ቀን ብቻውን ሄዶ፣ በኔ ምክንያት የመጣ ነውና እኔን ይርገሙኝ ቢላቸው፣ ልጄ አንተን በማዳኑ አልተቆጨሁም አሉት። ከሌላው ሰው ጋር ይነጋገሩ ነበርና።

ዓመታት አለፉ። አዛዥ ቀውስጦስ አረጁ፤ ዐይናቸውም ደከመ። ጉም በወረደ ቁጥር ዘንጋቸውን ይዘው አምባው ላይ ይወጡና የልጃቸውን ስም እየጠሩ ይዞራሉ። ያ ቀን ገና ያላለቀ፣ ልጁም ጉሙ ውስጥ ቆሞ ነጋሪት የሚጠብቅ ይመስላቸው ነበር አሉ። ሰዎች መጀመሪያ እያዘኑ ይመልሷቸው ነበር፤ በኋላ ግን ለመዱትና ተዉአቸው። ልማድ ክፉ ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ ጥጃ ጠፍቶባቸው አምባው ላይ ወጥተው ሳለ ጉሙ ደረሰባቸው። የባላቸውን ድምፅ ሰሙ፤ «ይትባረክ! ይትባረክ ቀውስጦስ!» ይላል። ድምፁ እየሄደ ነበር፤ የሚሄደውም ወደ ገደሉ ነበር። ወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ አገሩን ያውቃሉና ከባላቸው ፊት የቀረው መሬት ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ገባቸው። ይመለሱ ሊሏቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ እምቢ አለ። የባላቸውን ስም ሊጠሩ ሞከሩ፤ እሱም እምቢ አለ። ስሙ ደግሞ ተጠራ። የልጃቸው ስም ነው።

«አቤት» አሉ ወይዘሮ ጽዮን ሞገሳ።

አዛዥ ቀውስጦስ ቆሙ። ዞሩና ድምፁ ወደመጣበት፣ እየተደናቀፉ፣ ሄዱ። ያገኙት ሚስታቸውን ነበር። ለባላቸው መናገር እምቢ ያላቸው አንደበት ለልጃቸው ስም ሳይመልስ ማለፍ አቅቶት ነው የሚሉ አሉ፤ አይደለም፣ ቂሙ ያለቀው ያን ጊዜ ነው የሚሉም አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተነጋግረው እንደሆነ አልተነጋገሩም እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ እስከ ዛሬ ደርሰዋል። ጓሳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጉሙ እስኪገለጥ መቆየታቸውን ግን ሁሉም ይናገራል።

ዛሬም በልጉም አምባ ጉም ሲወርድ መንገደኛው ስሙን ይጠራል። ከዚህ ሌላ ግን ለእንግዳ የማይነገር፣ አገሬው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ። ሰው የሞተበት ወይም ሄዶ የቀረበት፣ ልቡ ሲከብደው፣ ጉም ያለበትን ቀን ጠብቆ አምባው ላይ ይወጣና የዚያን ሰው ስም ይጠራል። ጓሳ የሚያጭድ ይሁን ከብት የሚፈልግ፣ የሰማ ሰው ሁሉ በተጠራው ሰው ፈንታ «አቤት» ብሎ መመለስ አለበት፤ ማን ነህ፣ የማን ነህ አይባባሉም። ባለፈው ክረምት ልጇ ሩቅ አገር ዘምቶ የቀረባት አንዲት ሴት ወጥታ ነበር አሉ። አንዴ ጠራች። ከወዲያ ከጉሙ ውስጥ አንድ የማታውቀው ድምፅ «አቤት፣ እናቴ» አላት። ትንሽ ቆማ አዳመጠች፤ ጋቢዋን ሰብስባ ተከናነበችና ቁልቁለቱን ወደ ቤቷ ወረደች።