ጉልላት የሆነው መዘውር

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ። ደስ የሚል ተረት የፈለገ ግን ሌላ ደጃፍ ይሞክር፤ የዛሬው አያስቅም።

ድሮ ነው፤ ያን ያህል ድሮ እንኳ አይደለም። አያ ድረስ የሚባል ገበሬ ከገበያ አንድ መዘውር ይዞ መጣ፤ ቆሞ እንደ እንዝርት የሚሾር፣ ነፋስ ሲመታው አምፖል የሚያበራ። ጎረቤት «ሜዳ ላይ ትከለው» ቢለው፣ «ብርሃን የሚሰጠኝን ሜዳ ላይ ልጣለው? ክብሩ ከቤቴ አናት ነው!» አለ። ከጎጆው ጫፍ የሸክላውን ጉልላት አውርዶ ግቢ ውስጥ ጣለው፤ መዘውሩን በቦታው ከምሰሶው ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው።

ነፋስ መጣ። መዘውሩ «ውውው» አለ። ምሰሶው ተቀበለ፣ ግድግዳው ተቀበለ፣ ጎጆው እንዳለ ከበሮ ሆነ።

በዚያ ግቢ እመት ዶሮ ሦስት ጫጩቶች ነበሯት። «ጥሬ አገኘሁ፣ ኑ!» ብትል አልሰሟትም። ጨነቃት። «ጭልፊት የመጣ ቀንስ በምን ልጥራቸው?»

ወደ መዘውሩ ቀና አለች። «ጌታው፣ እባክህ ዝም በልልኝ፤ ልጆቼ ድምፄን አጡት።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? ነፋስ ሲገፋኝ እዞራለሁ። ነፋስን ጠይቂ።»

ነፋስን ጠየቀች። «ዘመኔን ሙሉ በዚህ ሳልፍ ማን ተቸገረ? የሚያስተጋባው ምሰሶው ነው።»

ምሰሶውን ጠየቀች። «እኔ የጫኑብኝን ተሸካሚ ነኝ። ያሰረውን ጠይቂ።»

ያሰረው እራት ላይ ነበር። እግሩ ሥር ሄዳ ተንጫጫች።

«ዶሮዋ አንድ ነገር ሆናለች!» ብላ ጮኸች ሚስቱ ይመኙሽ።

«ምን አልሽ?»

«ዶሮዋ!»

«ድምፁ ነዋ! ትለምደዋለች። እኛስ ለምደነው የለ?»

እመት ዶሮ ወጥታ ከወደቀው ጉልላት አጠገብ ተኮራምታ አለቀሰች። ጉልላቱ አዘነላት። «ስንት ዘመን አናት ላይ ተቀምጬ አንድ ቀን ተናግሬ አውቃለሁ?» አላት። ከማዘን ሌላ የሚያደርግላት አልነበረውም።

በማግስቱ ጭልፊት መጣ። እናት ጮኸች፤ መዘውሩም ጮኸ። አንዱ ጫጩት ጀርባውን ሰጥቶ ይጭር ነበር፤ ተወሰደ። ጭልፊት ተመለሰ። እናት ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች፤ ሁለተኛው ተወሰደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ እየሮጠች ነበር፤ አልደረሰችም።

ሲመሽ ነፋሱ ቆመ። መዘውሩ ቆመ፤ አምፖሉም ጠፋ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የዶሮዋ ጥሪ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አሁንስ ሰማኋት» አለ አያ ድረስ። «ምን ፈልጋ ነው?»

ይመኙሽ በበሩ አየች። «ልጆቿን እየጠራች ነው።»

«ታዲያ የት ሄደው ነው?»

ዶሮዋ መጥራቷን ቀጠለች።

አናት ላይ የወጣ ሲጮህ፣ የታች ጩኸት የሚሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ለዚህ ተረት ዳቦ አልጠይቃችሁም።