ቱፋን ማን ያሻግረው?

ተረት ተረት። የላም በረት የለኝም። ያለኝ አንድ ጀልባ፣ አንድ አሮጌ ሞተር፣ አንድ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ ውስጥ ቱፋ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው ሲያሻግር ኖሮ ትናንት ማታ ሞተ። ሚስቱ ዘነቡ የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ደሴቱ ላይ፣ እናቱ ጎን ልትቀብረው። ጉድጓዱ እዚያ ተምሷል። ቄሶቹ ቆመዋል። ከቀትር በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ያን ጊዜ ሬሳ የጫነ ጀልባ አይሻገርም። ሌሎቹ ጀልባዎች በሌሊት ወጥተው መረብ ላይ ናቸው።

የኅዳር ጠዋት። ውርጭ።

ዘነቡ ጀልባውን «አሻግረን» አለችው።

«ሞተሩ ካልገፋኝ አልሄድም» አለ ጀልባው።

የቱፋ የእህት ልጅ መኩሪያ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። መኩሪያ ከተማ ውስጥ ሚኒባስ ይጠግናል፤ ይሄን ሞተር ግን ከቱፋ በቀር ማንም አስነስቶት አያውቅም። ሳበ። ደግሞ ሳበ። ሞተሩ አንዴ አሳለና ዝም አለ።

«እሳት ካላገኘሁ አልነሳም» አለ ሞተሩ።

ሞተሩ አልነሳ አለ፤ ጀልባው አልሄድ አለ፤ ቱፋም ሳጥኑ ውስጥ ጠበቀ።

መኩሪያ የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈትቶ አየው። ቤንዚን ያንጠባጥባል።

«እርጥብ ነኝ፤ እሳት አልሰጥም» አለ ካንዴላው።

በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። መልሶ አሰረው። ሳበ። ፈታው። እንደገና ረጥቧል።

«አየር ሳይመጣ እንዴት ብዬ?» አለ ቤንዚኑ። «አልደርቅም።»

ቤንዚኑ አልደርቅ አለ፤ ካንዴላው እሳት አልሰጥ አለ፤ ሞተሩ አልነሳ አለ፤ ጀልባው አልሄድ አለ፤ ቱፋም ሳጥኑ ውስጥ ጠበቀ።

«መኩሪያ፣ ለምን ተሳፋሪ አስወርደህ አታስገፋውም?» አሉ ጋሽ ገመዳ፣ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ። ከለቀስተኞቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላም ሊስቅ ያለ ሰው ነበር፤ ሳጥኑን ሲያይ ተወው።

«ጋሼ፣ ብርድ ነው። ሲበርድ ቾክ ይሳባል፣ አየሩ ይዘጋል። ይሄን ማንም ያውቃል።»

«ማንም ካወቀማ ለምን አይነሳም?»

ቾኩ ሞተሩ ግንባር ላይ ያለች ትንሽ እጀታ ናት። እስከ መጨረሻው ተስባ ወጥታለች።

«እጅ ስቦኛል። እጅ ካልመለሰኝ አየር አልከፍትም» አለ ቾኩ።

«አልመልስህም። ጊዜ የለኝም» አለ የመኩሪያ እጅ። መዳፉ ተልጧል። «ነፋስ ሊመጣ ነው።»

«እኔ ማንንም አልጠብቅም» አለ ነፋስ፣ ከማዶ ሸምበቆውን እየነካካ።

ነፋሱ አልጠብቅ አለ፤ እጁ አልመልስ አለ፤ ቾኩ አልከፍት አለ፤ ቤንዚኑ አልደርቅ አለ፤ ካንዴላው እሳት አልሰጥ አለ፤ ሞተሩ አልነሳ አለ፤ ጀልባው አልሄድ አለ። ቱፋ ብቻ ምንም አላለም።

ሴቶቹ ሙሾ ጀመሩ።

«ዝም በሉ» አለች ዘነቡ።

ሙሾው ተቋረጠ።

«መኩሪያ፣ እንደ እሱ አይደለም የምትስበው። ሠላሳ አንድ ዓመት ከመኝታዬ ሰምቼዋለሁ። ሁለቴ ይስባል። ከዚያ ጠቅ የሚል ነገር አለ። ከዚያ ዝም።»

«ዝም ብሎ ምን ያደርጋል፣ እትዬ?»

«አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል።»

«ለሞተር?»

«እኔም እንዲሁ ብዬ ስቄበታለሁ። ‹እጄ እንዳይቸኩል ነው› አለኝ።»

መኩሪያ የቾኩን እጀታ አያት። በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ ገፋት።

ጠቅ።

«እሷ ናት» አለች ዘነቡ። ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ሞተሩ ቤንዚን በጣም ጠጥቷል» አለ መኩሪያ። ካንዴላውን ለመጨረሻ ጊዜ ጠርጎ አሰረው። «እስኪደርቅ ረጅም ጊዜ ያስፈልገዋል። አንቺ ድገሚልን። ቀስ ብለሽ።»

ዘነቡ ጀመረች። ቀስ ብላ። እሱ ሲደግም አብራው በልቧ ትደግም ነበር፤ ቃል በቃል ታውቃለች። ቀጥሎ የሚሆነውንም ታውቃለች። አሜን፣ አንድ ስበት፣ የሞተሩ ድምፅ፣ እየራቀ መሄድ። እሱ ሲሄድ እሷ መልሳ ትተኛ ነበር። የሄደ ይመለሳላ።

«ለዓለመ ዓለም» ላይ ደርሳ ቆመች።

መኩሪያ ገመዱን ይዞ ጠበቀ። ጋሽ ገመዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠበቁ። አሜን ካለች ሞተሩ ይነሳል። ሞተሩ ከተነሳ ጀልባው ይሄዳል። ጀልባው ከሄደ ቱፋ ይሄዳል። ከጠዋት ጀምሮ ጀልባውን ስትለምን የነበረችው ዘነቡ፣ አሁን አልል አለች።

ዘነቡ አሜን አልል አለች፤ እጁ አልሳበም፤ ሞተሩ አልተነሳም፤ ጀልባው አልሄደም፤ ቱፋም ጠበቃት። እሱ ሁልጊዜ ይጠብቃታል። ገበያ ስታመሽም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትዘገይም።

ውሃው ሸንተረር አወጣ። የነፋስ የመጀመሪያው ጣት።

«እትዬ» አለ መኩሪያ።

«መቼም አስጠብቄህ አላውቅም አልልም» አለች ወደ ሳጥኑ። «ይበቃሃል።» ከዚያ፦

«አሜን።»

አሜን እጁን ፈታ፤ እጁ ገመዱን ሳበ፤ ቾኩ አየሩን አስገባ፤ አየሩ ቤንዚኑን አደረቀ፤ ካንዴላው እሳት ሰጠ፤ ሞተሩ ተነሳ፤ ሞተሩ ጀልባውን ገፋ፤ ነፋሱ ሳይደርስ ጀልባው ተሻገረ።

ዘነቡ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጣ ያን ድምፅ እስከ ደሴቱ ድረስ ሰማችው። እየራቀ አልሄደም። ስትደርስ ብቻ ጠፋ።

ተረቴን መልሱ። ቱፋን ግን አሻግረነዋል፤ እሱ አይመለስም።