የኮርች ጾምና ባለ አንድ ዓይኗ

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ያየ ሁሉ አይመስክር፤ የቆየ ይመስክር» ይል ነበር። እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። እንግዲህ «ላውጋችሁ» ስላችሁ «አውጋን» በሉኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን በአንድ ደብር ደን ውስጥ ኮርች የሚባል ዛፍ፣ ዳኛው ሽማግሌ ዝግባ፣ አንዲት ጦጣና አንድ ምሳር ይኖሩ ነበር። ከኮርች ፊት ለፊት፣ ጥድ ላይ፣ አንዲት ካሜራ ታስራለች። ዓይኗ አንድ ነው። በየቀኑ፣ ቀትር ሲሆን፣ ጨፈን ገለጥ ታደርገውና ያየችውን ሆዷ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ጦጣ ታሾፍባት ነበር።

«እመት አንድ ዓይና፣ ዛሬ ምን አየሽ?»

«ኮርችን።»

«ትናንትናስ?»

«ኮርችን።»

«ነገስ?»

«እግዜር ካለ፣ ኮርችን።»

ጦጣ በሳቅ ከቅርንጫፏ ልትወድቅ ትደርሳለች።

የዚያ ደን ሕግ እንዲህ ነው፦ ለምለም ዛፍ አይነካም፤ የደረቀ ግን ለሰንበቴ ማገዶ ይቆረጣል። ምሳር ደግሞ ሥራ ፈትቶ አፉ ዝጓል። የደረቀ ዛፍ አጥብቆ ይፈልጋል።

በኅዳር ወደ ኮርች መጣ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል።

«ወንድሜ፣ ታመሃል» አለው።

«ደህና ነኝ።»

በታኅሣሥ መጣ። ቅጠሉ ረግፏል።

«ወንድሜ፣ ልትሞት ነው።»

«እየጾምኩ ነው።»

በጥር መጣ። ኮርች ራቁቱን ቆሟል።

«በቃ፣ ሞተሃል!»

«የሞተ ይመልስልሃል እንዴ? ጾም ላይ ነኝ አልኩህ።»

«የምን ጾም? የነቢያት ተፈታ፣ ሁዳዴ ገና ነው። በጥር ይሞሸሩበታል እንጂ ይጾሙበታል?»

ምሳር እየሮጠ ዝግባ ዘንድ ሄደ።

«አባ ዝግባ፣ ኮርች ደርቋል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይፈረድልኝ።»

«እኔም አይቻለሁ፤ መለመላውን ነው፣ ነውር ነው!» አለች ጦጣ።

ዝግባ አዘነ። ግን ሕግ ሕግ ነው። ሊፈርድ አፉን ሲከፍት ካሜራዋ፣

«አባቴ፣ እኔንም ይስሙኝ» አለች። «ምሳር ሆይ፣ ኮርችን ስንት ቀን አየኸው?»

«ሦስት ቀን ሙሉ!»

«አንቺስ፣ እመት ጦጣ?»

«ዛሬ። ምነው፣ አነሰ?»

«ለእኔ ይህ ሦስተኛው ጥር ነው።» ሆዷን ከፈተች። ካቻምና ጥር፣ ራቁት ኮርች። አምና ጥር፣ ራቁት ኮርች። «ሁለቱንም ዓመት ግን በአስተርእዮ ማርያም ማግስት ቀይ ለበሰ። ይኸው፣ ይመልከቱ። ዘንድሮ ሦስት ቀን ቀረው።»

«ያ ሥዕል ነው! ሥዕል ደግሞ ይመሰክራል?» አለ ምሳር።

«ሦስት ቀን ይሰጠው» አለ ዝግባ። «ካልለበሰ ውሰደው።»

አንደኛው ቀን ምንም የለም። ምሳር ድንጋይ ፈልጎ ተሳለ። ሁለተኛው ቀን ምንም የለም። ምሳር አሁንም ተሳለ፤ ጸጉር ይላጫል። ኮርች «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ወደ ሰማይ አየ።

በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ምሳር ሮጠ። ከሩቅ ቢያይ ኮርች ቀልቷል።

«እሳት! እሳት! ኮርች ተቃጠለ! ከሰሉ የእኔ ነው!»

ቀረብ ሲል እሳት የለም። አበባ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀይ አበባ፣ በላዩ ንብ ይተራመሳል።

ዝግባ ቅጠሉ እስኪረግፍ ሳቀ። «ፈሰከ! ኮርች ፈሰከ!»

ጦጣ ወደ ጥዱ ወጣችና፣ «እትዬ ካሜራ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ነገስ ምን ታያለሽ?»

«ኮርችን።»

ምሳር ሥራ ሲፈታ አፉን ግንድ ውስጥ ቀብሮ የሚውለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ አፍሮ ነው።

እኔ አወጋሁ፤ እናንተ ደግሞ ለጎረቤት አውጉልኝ። የአንድ ቀን ዓይን ይፈርዳል፣ የዓመት ዓይን ያድናል።

በእኛም ደብር ጥድ ላይ እንዲህ ያለች ካሜራ አለች። አንድ ቀን የማላውቃት ሴት ከሆዷ ሥዕሉን ልትወስድ መጥታ አገኘኋትና፣ «ልጄ፣ ይህች ዕቃ ዓመት እስከ ዓመት ተገትራ ምን ትሠራለች?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና እንዲህ አለች፦

«ሥራዋማ መቆየት ነው፣ አባቴ።»