ፍየሏ ስላልወረደች ያልተወረወረው ኳስ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ስልክ የያዘ ያስቀምጥ። የዛሬው ጣጣ የመጣው ከስልክ ነዋ!

አዳማ ውስጥ፣ ባጃጅ ከሰው በሚበዛበት አንድ ሰፈር፣ ሶስና የምትባል ልጅ ነበረች። ትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል የሚባል ጨዋታ ጀመረ። ጨዋታው ቀላል ነው፤ አንዷ ኳስ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ትመታና ትሮጣለች። ቀላል ነው አልኩ እንጂ፣ የሶስና ዱላ እስከዚያ ቀን ድረስ ኳስ ነክቶ አያውቅም። ነገ ጠዋት ደግሞ አሰልጣኟ ቡድኑን ትመርጣለች። ሶስና ካልመታች የተመረጡትን ልጆች ጃኬት ታቅፋ ዳር ልትቀመጥ ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር እንባዋ ይመጣል። ስለዚህ ምሳ እንደተበላ ዱላዋንና ኳሷን ይዛ ግቢ ወጣችና «አባዬ፣ አንድ ኳስ ወርውርልኝ» አለች።

አንድ ኳስ! ምን አለበት? ወርወር አድርጎላት ይገባል ትላላችሁ። አባቷን አቶ ዘለቀን ስለማታውቁት ነው። ቴሌቪዥን ገዝቶ፣ መመሪያውን አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ ቤተሰቡን ካርቶን ሲያሳይ የከረመ ሰው ነው። ኳሱን ኮቱ ኪስ ከተተና ስልኩን አወጣ። ኢንተርኔት ላይ ኮፍያ ያደረገ ፈረንጅ አሰልጣኝ ያስረዳል፣ ከሥር በአማርኛ ይጻፋል። «ዳሌ ከትከሻ ቀድሞ ይዙር። በመካከላቸው አርባ አምስት ዲግሪ ይኑር» ይላል። አቶ ዘለቀ ቪዲዮውን እዚያው ላይ አቆመና የቁም ሳጥኑ መስታወት ፊት ሄደ። ዳሌውን አዞረ፣ ትከሻውም አብሮ ዞረ። ትከሻውን ያዘ፣ ዳሌውም አልሄድ አለ። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢጠይቅ ሁሉም አውራ ጣት ላኩለት። ለካስ ማንም አልገባውም!

«ይህ ሳይገባኝማ አልወረውርም» አለ።

አባት አልወረውርም አለ፤ ሶስና ዱላዋን ይዛ ቆመች።

«አልጋነሽ፣ እስቲ አንቺ ዙሪልኝና ልየው» አለ ሚስቱን። ወይዘሮ አልጋነሽ የምትልጠውን ድንች አስቀምጣ ዞረች። «ስንት ሆነ?» አለች። «እኔ እንጃ፣ ድገሚው» አላት። ደገመችው። «አሁንስ?» «አሁንም እኔ እንጃ።» እሷም ደሟ ፈላ። «አንተ ሰው፣ ወገቤ እስኪቀጭ ልሽከርከር እንዴ? ዲግሪ ከሆነ በመለኪያ ይለካ። ሳልለካ አልዞርም!»

እናት ሳልለካ አልዞርም አለች፤ አባት ሳይገባኝ አልወረውርም አለ፤ ሶስና ዱላዋን ይዛ ቆመች።

ባልና ሚስት ተያይዘው ጎረቤት ጋሽ ጉደታ ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ጉደታ አናጢ ናቸው፤ አናጢ ደግሞ ማዕዘን የሚለካበት ስኳድራ አያጣም። ስኳድራውስ ነበረ፤ ግን ተሠርቶ ያለቀ ትልቅ የእንጨት በር ላዩ ላይ ተጋድሟል። «በሩን እናንሳውና እንውሰደው» አለ አቶ ዘለቀ። ጋሽ ጉደታ ወገባቸውን ያዙ። «ይህን በር አንዴ አነሳዋለሁ፤ እሱም ባጃጅ ላይ ለመጫን ነው። ለናንተ አንዴ፣ ለባጃጁ አንዴ ካነሳሁ እኔን ማን ያነሳኛል? ባጃጅ ይምጣና እንነጋገር» አሉ።

ስኳድራው ከበሩ ሥር አልወጣም አለ፤ እናት ሳልለካ አልዞርም አለች፤ አባት ሳይገባኝ አልወረውርም አለ፤ ሶስና ዱላዋን ይዛ ቆመች። ዱላው ከበዳት፤ ወደ ሌላኛው እጇ አዛወረችው።

ሦስቱም ባጃጅ ፍለጋ ወጡ። ሩቅም አልሄዱ፤ የኢብሳ ባጃጅ የነሶስና አጥር ሥር ቆሟል። ኢብሳ ግን ከባጃጁ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

«ኢብሳ ወንድሜ፣ አንዲት በር ጫንልን» አለች ወይዘሮ አልጋነሽ።

«እትዬ፣ ሰው ይዣለሁ» አላት።

ቢያዩ የኋላው ወንበር ላይ አንዲት ነጭ ፍየል እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። ያለ ሂሳብ የገባች ፍየል! «አውርዳታ!» ቢሉት፣ ኢብሳ የተቀደደ እጅጌውን አሳያቸው። «ሞክሬያለሁ። ሸሚዜን እዩት» አለ።

ባጃጁ በሩን አልጭንም አለ፤ ስኳድራው ከበሩ ሥር አልወጣም አለ፤ እናት ሳልለካ አልዞርም አለች፤ አባት ሳይገባኝ አልወረውርም አለ፤ ሶስና ዱላዋን ይዛ ቆመች።

አቶ ዘለቀ ፍየሏን በትህትና ለመናት። ጎመን አመጡላት፣ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። የድንች ልጣጭ አመጡላት፣ እሱንም ናቀች። ዓይኗን የተከለችው ወደ ላይ ነው፤ ከነሶስና ግቢ ወደ መንገዱ በተዘረጋው የጓቫ ቅርንጫፍ ላይ። ያን ጓቫ ካልበላሁ ንቅንቅ አልልም አለች። ፍየል ምን ትናገራለች ብላችሁ እንዳታደርቁኝ፤ በዓይኗ ነዋ!

ፍየሏ ከባጃጁ አልወርድም አለች፤ ባጃጁ በሩን አልጭንም አለ፤ ስኳድራው ከበሩ ሥር አልወጣም አለ፤ እናት ሳልለካ አልዞርም አለች፤ አባት ሳይገባኝ አልወረውርም አለ፤ ሶስና ዱላዋን ይዛ ቆመች። ፀሐይም ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ቅርንጫፉን ቢወዘውዙት ጓቫው አልወርድም አለ። እንግዲህ ምን ቀረ? ውርወራ! ኢብሳ ጠጠር ወረወረ፣ ሳተ። ጋሽ ጉደታ ቁራጭ እንጨት ወረወሩ፣ ሳቱ። ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላ ጫማዋን ወረወረች፤ ጫማው እዛፉ ላይ ቀረ። አቶ ዘለቀም ድንጋይ፣ ቆርኪ፣ ድንች፣ ያገኘውን ሁሉ ወረወረ። አዎ፣ አልወረውርም ያለው ሰውዬ! ዳሌው ይቅደም ትከሻው ይቅደም ማን አስታወሰው? በመጨረሻ የሚወረውረው ሲያልቅበት እጁን ኪሱ ከተተና ያገኘውን ሳያይ ላከው።

ኳሱ ነበር።

ኳሱ አጥሩን ዘለለ፣ ግንዱን ነካ፣ ነጠረና ዱላዋን ይዛ ወደቆመችው ሶስና መጣ። ሶስናም ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም፤ ሰነዘረች። ጧ! ኳሱ ሽቅብ ተመልሶ ቅርንጫፉን አናወጠው፤ ጓቫውም መንገዱ ላይ ዘነበ።

«ወረደ! ወረደ!» ትልልቆቹ ሰዎች ተቃቀፉ። ሶስና አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «መታሁት! አባዬ፣ መታሁት! አያችሁኝ?» ትላለች። ማን ይስማት? ሁሉም ጓቫ ለቃሚ ሆኗል። ያየቻት ፍየሏ ብቻ ናት፤ እሷም አፏ ሞልቶ ነበር። ሶስና ከአጥሩ ወርዳ ተመልሶ ግቢ የወደቀውን ኳሷን አነሳችና አለቀሰች።

ጓቫው ወረደ፤ ፍየሏ ወረደች፤ ባጃጁ በሩን ጫነ፤ ስኳድራው ወጣ፤ እናት ዞረች፣ ተለካችም። አርባ አምስት! ልክ አርባ አምስት! ሁሉም አጨበጨቡና ወደ አባት ዞሩ። አባት ስኳድራውን አየ፣ የሚስቱን ወገብ አየ፣ ስልኩን አየ።

«አልገባኝም» አለ።

ወይዘሮ አልጋነሽ ራሷን ያዘች። ስልኩን ከእጁ ነጥቃ «እስቲ ይሄ ሰውዬ ንግግሩን ይጨርስ!» ብላ ያቆመውን ቪዲዮ አስኬደችው። ባለ ኮፍያውም ቀጠለ፤ ከሥር ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ «እስካሁን ያልኩት ለአሰልጣኞች ነው። ወላጆች ግን ይህን ሁሉ ተዉትና ዝም ብላችሁ ወርውሩላቸው።»

ጋሽ ጉደታ ወገባቸውን እያሹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ዘለቀ ግቢ ገባና ልጁ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ እኔ ይሄን ጨዋታ ዓይቼውም አላውቅ። አበላሽቼ ወርውሬልሽ፣ በኔ የተነሳ ብትቀሪስ ብዬ ፈራሁ።»

ሶስና እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አባዬ፣ አበላሽተህ ወርውራ! እኔም እኮ አበላሽቼ ነው የምመታው» አለችና ኳሱን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

አባት ወረወረ! ውርወራውስ ውርወራ እንዳይመስላችሁ፤ ትከሻው ወዲህ፣ ዳሌው ወዲያ፣ ኮቱ መሬት ላይ። ሶስና ግን መታችው። ኳሱ አጥሩን አለፈ፤ ባጃጁንም፣ ባጃጁ ላይ የታሰረውን በርም፣ ጓቫዋን የምታኝከውን ፍየልም አለፈ። አሁንስ ሁሉም አዩ። ኢብሳ የባጃጁን ጥሩምባ ነፋ፤ ወይዘሮ አልጋነሽ በአንድ እግር ጫማ እልል አለች።

በነጋታው አሰልጣኟ ሶስናን መረጠቻት። ዳር ተቀምጦ የልጆቹን ጃኬት ሁሉ የታቀፈው አቶ ዘለቀ ነው፤ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፤ ያ ኳስ ግን እስከዛሬ አልተገኘም። እናንተ ግቢ ወድቆ እንደሆነ መልሱልን፤ አባትዬው ሊወረውር ቆሞ ይጠብቃል።