ሪባን የታሰረለት ምሰሶና የቡሬ ላም ድርቆሽ

አንድ ጥያቄ አለ፣ እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁለትም። እራት እያበላሁ ይህን ተረት ለልጄ ስነግራት ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ፣ «እማ፣ ላሟ ማንን ትላክ?» ትለኛለች። እኔም መላው ሲጠፋኝ፣ «ዝም ብለሽ ጉረሺ» እላታለሁ። እስቲ እናንተ ስሙኝ። እኔ ልንገር፣ እናንተ «እሺ» በሉ።

ድሮ ድሮ፣ መኪናም ምሰሶም አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ዘመን፣ አንዲት ቡሬ ላም ነበረች። ዝናብ ጠፋ፣ ሣር ደረቀ፣ ጡቷም ደረቀ። ጥጃዋ መቆም አቃተው። ድርቆሽ ያለው ከተራራው ማዶ ብቻ ነው።

አህያ መጣችና፣ «እኔ ላምጣልሽ፣ በሦስት ቀን እደርሳለሁ» አለቻት።

ይህን ሲሰማ አንድ አዲስ የኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ከት ብሎ ሳቀ። «ሦስት ቀን! እታለም ቡሬ፣ እኔ ናፍጣ አልጠጣ፣ ጭስ አላጨስ። ሆዴ ውስጥ ያለው ባትሪ የመቶ በቅሎ ጉልበት አለው። ነገ በዚህ ሰዓት የመንደሩን ጥጃ ሁሉ አጠግባለሁ!»

ላሟ አመነችው። ልጇ የታመመባት እናት ቶሎ የሚል አፍ ትወዳለች። አህያዋን፣ «አንቺስ ይቅርብሽ» አለቻት።

መኪናው ተራራውን ተሻገረ፣ ድርቆሹን እስከ አፉ ሞላ። ሲመለስ ዳገቱ ላይ ባትሪው፣ «ጌታዬ፣ ግማሽ ነኝ» አለው። መኪናው በመንገዱ ዳር የመኪና ባትሪ ከሚሞሉት ሦስት ምሰሶዎች ወደ አንደኛው ሄደ። ምሰሶው ያብረቀርቃል፣ ወገቡ ላይ ቀይ ሪባን ታስሮለታል።

«ወንድም ዓለም፣ ራበኝ፣ አጉርሰኝ።»

«አልችልም። አልተመረቅሁም። ሪባኔን የሚቆርጡት የክብር እንግዳ ገና አልመጡም።»

«መብራት የለህም?»

«ሞልቶኛል።»

«ታዲያ ስጠኛ!»

«ሳልመረቅ? ጨዋ ነኝ እኔ!»

እዚያ የነበረች ፍየል ይህን ሰምታ ሪባኑን ቀርጠፍ ቀርጠፍ አድርጋ በላችው። «በቃ፣ ተመረቅህ» አለችው።

ምሰሶው ጮኸ። «ኡኡ! አሁን ምኔ ሊቆረጥ ነው? እንግዲህ ሌላ ሪባን እስኪመጣ መጠበቅ ነው!»

መኪናው እያዘገመ ሁለተኛው ምሰሶ ጋ ደረሰ። ባትሪው፣ «ጌታዬ፣ ሩብ ነኝ» አለ። ምሰሶው የመኪናውን መሰኪያ አገላብጦ አየና፣ «አንተ የየት አገር ሰው ነህ? ይሄ ከእኔ ጋር አይገጥምም፣ ወንድሜ ጋ ሂድ» አለው።

ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ሲደርስ ባትሪው፣ «ጌታ...» ብሎ ቃሉን ሳይጨርስ ቀረ። ሦስተኛው ምሰሶ ትሁት ነው። «እንኳን ደህና መጣህ ጋሼ! ተመርቄአለሁ፣ መሰኪያህም ይገጥመኛል። መብራት ብቻ ነው የሄደው።»

«መቼ ይመጣል?»

«እሱን እንኳ መብራቱ ራሱም አያውቀውም።»

መኪናው እዚያው ተገተረ። በሦስተኛው ቀን አህያ አንድ ሸክም ድርቆሽ ይዛ ከተፍ አለች። ማንም ሳይልካት ነበር የሄደችው።

መኪናው አላፈረም። «ይቺን ነው የተሸከምሽው? እኔ ላይ ያለው የዚህ መቶ እጥፍ ነው!»

«እሱስ እውነት ነው ጋሼ» አለች አህያ ሳትቆም። «ያንተ ግን ያለው እዚህ ነው።»

የቡሬ ጥጃ በአህያዋ ድርቆሽ ዳነ። በአምስተኛው ቀን መብራት መጣ፣ መኪናውም ደረሰ። የመንደሩ ጥጃ ሁሉ ወር ሙሉ በላ። ሁለት የጎረቤት ጥጆች ግን አልጠበቁትም፣ ሳይደርስ ሞተው ነበር።

አንደኛው ምሰሶማ አዲስ ሪባን መጣለት። ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። የዚያን ዕለት መብራት አልነበረም። ሪባን አያበራም፣ ጭብጨባም ባትሪ አይሞላም።

ዘንድሮም ዝናቡ ቀርቷል። የአህያዋ ጀርባ ተልጧል፣ ብትሄድም የምታመጣው ለአንድ ጥጃ ነው። መኪናው፣ «ዘንድሮስ በአንድ ቀን!» እያለ ነው። ላሟ ቆማ ሁለቱንም ታያለች። ልጄ ደግሞ እኔን ታየኛለች። እናንተ እናቶች፣ እናንተ ብትሆኑ ማንን ትልካላችሁ? ተረቴን እንኳ ባትመልሱ፣ ምክራችሁን መልሱልኝ።